ዶሎረስ እንዲህ አታደርግም

ኮኒ ፖስትማ ስልክ ሲጮህ መርዶ ነው ብላ ነው የምታነሳው። ብዙውን ጊዜ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ የሚያስታውስ ሰው ነው፤ እሷ ግን «ሃሎ» እስክትል ድረስ ሟቹን ቀብራ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ለቀብርተኛ የሚቀርበውን የሃም ሳንዱች ብዛት ገምታ ጨርሳለች። ነፍሱን ይማረውና ባሏ፣ «የእኔ ሚስት ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ዣንጥላ ትዘረጋለች፤ ሲዘንብ ደግሞ መብረቅ ይስባል ብላ ትጥለዋለች» እያለ ይስቅባት ነበር።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ባለፈው የካቲት የፈራችው ደረሰ። የሰማንያ አንድ ዓመቷ እናቷ ዊልማ ዳይክሃውስ ከቁርስ በኋላ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተንሸራታ ወደቀች። ስልኩ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ፣ እሷ ቀዝቃዛ ሴራሚክ ላይ። ኮኒ በምሳ ሰዓት ደውላ መልስ ስታጣ በዚያ በረዶ መኪናዋን እንደ እብድ እየነዳች ደረሰች። እናትየው በጀርባዋ ተንጋላ ጣራውን እያየች ነበር።

«አሁን ነው የምትመጪው?» አለቻት። «ሚንት ከረሜላዬን እንኳ ጨረስኩ እኮ።»

ዳሌዋ ደህና ነበር፤ የኮኒ እንቅልፍ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ አልዳነም። በፋሲካ ሰሞን ዊልማ አረጋውያን መኖሪያ ገባች። እዚያም ቢሆን በየክፍሉ ያለው የሰው መጥሪያ አርጅቶ፣ ግማሹ ሲጫኑት አይጮኽም፣ ግማሹ ሳይጫኑት ይጮኻል። መኖሪያ ቤቱ የስድሳ አራቱንም ክፍል መጥሪያ በአዲስ ሊቀይር ወሰነ። አዲሱን እንዲነድፍ የተቀጠረው ደግሞ ኮኒ የምትሠራበት የዲዛይን ቢሮ ሆኖ ተገኘ።

ሌላ ሰው ቢሆን «እግዚአብሔር አሰበን» ይል ነበር። ኮኒ ግን እነዚህን ሰዎች ዘጠኝ ዓመት ታውቃቸዋለች።

ቢሮው አሜሪካ፣ ግራንድ ራፒድስ ከተማ ውስጥ፣ ድሮ የወንበር ፋብሪካ በነበረ የቀይ ጡብ ሕንፃ ላይ ነው። አያቶቻቸው እዚያ ወንበር ይሠሩ ነበር፤ የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ ወንበር ማለት ምን ማለት እንደሆነ ይወያያሉ። ውስጡ ሁሉ ነጭ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ እጀታ ስለሌለው፣ እንግዳ ሁሉ እጁን ሳሙና ከተቀባ በኋላ ቧንቧውን ሲያሸው፣ ሲመታው፣ አንዳንዱም ሲለማመጠው ይገኛል። ኮኒ «እጅዎን ከሥሩ ያድርጉ» ብላ በእጇ ጽፋ ትለጥፋለች። አለቃዋ ዴቨን ሮልፍስ ይልጠዋል። ሰኞ ትለጥፋለች፣ ዓርብ ይልጣል። ስለዚህ ጉዳይ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም፤ በዚያ አገር ጠብ የሚያዘው በፈገግታ ነው።

የኮኒ ሥራ ዕቃ የሚሞክሩ ሰዎችን መፈለግ ነበር። ቢሮው የሠራውን ዕቃ ለገበያ ከማውጣቱ በፊት ከመንገድ ሰው ጠርቶ ያስሞክራል። ኮኒ ትደውልላቸዋለች፣ ካፖርታቸውን ትቀበላለች፣ መፈረም ያለባቸውን ወረቀቶች ታስፈርማለች፣ ብስኩት ትሰጣለች። ከዚያ ሰውየው ወደ ሙከራው ክፍል ይገባል፤ የቢሮው ሰዎች ደግሞ ከአንድ ወገን ብቻ በሚያሳይ መስታወት ጀርባ፣ ጨለማ ውስጥ ተቀምጠው ያዩታል። ሰውየው የሚያየው የራሱን ፊት ብቻ ነው። አንድ የማይጣስ ሕግ አላቸው፤ የሚሞክረውን ሰው መርዳት አይፈቀድም። የረዳ ሙከራውን ገደለ ይባላል።

በመግቢያው ኮሪደር ላይ ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል። የሰው ዐይንና ልብ በዕቃ ፊት እንዴት እንደሚሠሩ ሊቃውንት የደረሱበት ሁሉ በአጭር በአጭሩ ተጽፎበታል። ነገር ግን ሰሌዳው ነጭ፣ ፊደሉም ከነጭ ትንሽ የጠቆረ ግራጫ፣ መጠኑም የምስር ፍሬ የሚያህል ስለነበረ፣ ዴቨንን ጨምሮ ማንም አንብቦት አያውቅም። ኮኒ ብቻ አቧራውን ስትወለውል መነጽሯን አድርጋ ታነበው ነበር። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንደ ዳዊት በቃሏ ያዘችው።

ከሰሌዳው አጠገብ ደግሞ ዶሎረስ አለች።

ዶሎረስ በሕይወት የለችም፤ ኖራም አታውቅም። ዲዛይነሮቹ ለሽማግሌ የሚሆን ዕቃ ሲሠሩ የሚያስቧት፣ በልባቸው የፈጠሯት ባልቴት ናት። ቁመቷ አንድ ሜትር ተኩል በሚሆን ካርቶን ላይ ፎቶዋ ተለጥፏል፤ ፀጉሯ ብር የመሰለ፣ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰች፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ የምትስቅ። ከፎቶዋ ሥር «ዶሎረስ፣ 79 ዓመት። ዮጋ ትሠራለች። ድመት አላት። ጸጥታ ትወዳለች። አርጅተሻል እንድትባል አትፈልግም» ይላል። በስብሰባ ክርክር ሲነሳ ዴቨን ወደ ካርቶኑ ዞር ብሎ፣ «ዶሎረስ ምን ትል ነበር?» ይላል። ሁሉም ዝም ብለው ካርቶኑን ያያሉ። ከዚያ ዶሎረስ ሁልጊዜ ዴቨን ያለውን ትላለች።

ታዲያ ኅዳር መግቢያ ላይ ዴቨን አዲሱን መጥሪያ ለቢሮው ሰው ሊያሳይ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ዘረጋ። ጨርቁ ላይ ምንም የለም። ኮኒ ቡናውን አስቀምጣ ልትወጣ ስትል፣

«ኮኒ፣ ተጠንቀቂ! ጤዛ ላይ ልታስቀምጪው ነው!» አለ ዴቨን።

«የቱ ጤዛ?»

ጎንበስ ስትል አየችው። እንደ ብስኩት ክብ፣ እንደ ጨርቁ ነጭ፣ ፊደል የሌለበት፣ ጠርዙ ከግድግዳ ጋር እንዲዋሃድ የተሞረደ ነገር። ስሙ ጤዛ ነው። ሦስት ሆነው ጎን ለጎን ይተከላሉ፤ አንዱ መብራት፣ አንዱ መጋረጃ፣ መካከለኛው ደግሞ የድረሱልኝ ጥሪ።

«ሦስቱም አንድ ዓይነት ናቸው» አለች ኮኒ።

«ቤተሰብ ናቸው» አለ ዴቨን ፈገግ ብሎ።

«ሲጫኑት ድምፅ ይሰጣል?»

«አይጫኑትም፤ ይዳስሱታል። ከሦስት ሴኮንድ በኋላ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ብርሃን እንደ እስትንፋስ ቀስ ብሎ ይመጣል።»

«የወደቀ ሰው ሦስት ሴኮንድ ይጠብቃል?»

«ኮኒዬ፣» አለ ዴቨን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ስጋትሽን እሰማለሁ። ግን ቀይ ቁልፍ ግድግዳ ላይ ስታደርጊ ለሰውየው በየቀኑ ‹ትወድቃለህ› እያልሽው ነው። ዶሎረስ ይሄን ትፈልጋለች?»

ሁሉም ወደ ካርቶኑ ዞሩ። ዶሎረስ ሳቀች።

ኮኒ በዚያች ቅጽበት እናቷን ወለሉ ላይ ተንጋላ አየቻት። ከላይዋ ነጭ ግድግዳ፣ ግድግዳው ላይ ነጭ ጤዛ፣ በእጇ መጋረጃውን ስትከፍትና ስትዘጋ። በሚያዝያ ይተከላል። እናቷ ክፍል ቁጥር ሃያ ሦስት ናት።

ሙከራው ተጀመረ። ዴቨን «ዶሎረስን የሚመስሉ ሰዎች ፈልጊልኝ» ብሎ ስላዘዘ የመጡት ጡረታ የወጡ የሥዕል መምህራንና አርክቴክቶች ነበሩ። ሙከራውን የምትመራው ጁኒ የምትባል ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣች ልጅ ናት፤ ትጉህ ናት፣ ዴቨንን ግን እንደ ንስሐ አባት ትፈራዋለች። «እዚህ ጋ ያለውን ጤዛ ሲያዩ ምን ይሰማዎታል?» ብላ በጣቷ ታሳያቸዋለች። ቆመው አይተው፣ ዳስሰው፣ «ውብ ነው» ይላሉ። አንደኛው አርክቴክት እንባው መጣ። ከመስታወቱ ጀርባ ዴቨን ተለጣፊ ወረቀት ላይ «እንባ» ብሎ ጽፎ ግድግዳ ላይ ለጠፈ።

የመጨረሻው የሙከራ ቀን ሐሙስ ነበር። የአረጋውያን መኖሪያው ኃላፊ ወይዘሮ ሄተማ ራሳቸው መጥተው ከመስታወቱ ጀርባ ተቀምጠዋል፤ በዚያው ቀን ሊፈርሙ ነው። ጠዋት በረዶው በአቅራቢያው ካለው ሐይቅ ተነሥቶ ከተማውን ቀበረው። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ስልክ ጮኸ። ኮኒ «ማን ሞተ?» ብላ አነሳችው። የስድስት ሰዓቷ የሥዕል መምህርት መኪናዬ አልነሣ አለ ብላ ቀረች።

ኮኒ ስልኩን ይዛ ቆመች። የሠራተኛን ዘመድ ዕቃ ማስሞከር ክልክል ነው፤ ራሷ የምታስፈርመው ወረቀት ላይ አለ። ብትያዝ ትባረራለች፤ በሃምሳ ሰባት ዓመቷ ማን ይቀጥራታል፤ ቤቷን ትለቃለች፤ መኪናዋ ውስጥ ታድራለች፤ በመኪናዋ ውስጥ በብርድ ትሞታለች። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰበች። ከዚያ ቁጥር ሃያ ሦስት ደወለች።

«እማዬ፣ ጫማሽን አድርጊ፤ መጥቼ እወስድሻለሁ።»

«ቀብር ነው?»

«አይደለም። አንድ ዕቃ ትሞክሪያለሽ።»

«ምሳ አለው?»

«ብስኩት አለው።»

«ብስኩት አለው ብለሽ በዚህ በረዶ ታወጪኛለሽ» አለች ዊልማ፤ ግን ጫማዋን እያደረገች እንደሆነ ከትንፋሿ ያስታውቅ ነበር።

የኮኒና የእናቷ የቤተሰብ ስም አይመሳሰልም። ኮኒ በባሏ ስም ፖስትማ ናት፤ ዊልማ ዳይክሃውስ። ስለዚህ ማንም ምንም አልጠየቀም። ከኋላ በር፣ በጭነት መጫኛው በኩል ስላስገባቻት በኮሪደሩ አላለፈችም። ኮኒ ካፖርቷን ተቀብላ፣ ለማያውቁት ሰው እንደሚሉት፣ «ወይዘሮ ዳይክሃውስ፣ በዚህ በኩል» ስትል እናቷ ትክ ብላ አየቻት።

«ምን ሆነሻል? ታመምሽ?» አለች ዊልማ። ኮኒ ሳል አስመስላ አሳለፈችው።

የሙከራው ክፍል መስኮት የለውም። ግድግዳው ነጭ፣ ጤዛዎቹ በደረት ከፍታ ላይ ተተክለዋል። ነጭ ያልሆነ አንድ ነገር ብቻ ነበር። በሩ አጠገብ፣ በጉልበት ከፍታ ላይ፣ የድሮው ፋብሪካ የመብራት ማብሪያ፤ የነሐስ ሰሌዳ ላይ የተተከለ አውራ ጣት የሚያህል ጥቁር ምላስ። ሠራተኞቹ እጃቸው ጣውላ ሲይዝ በጉልበታቸው እንዲመቱት ነው ዝቅ ተደርጎ የተተከለው። ዴቨን «ዐይን ያሳምማል» ብሎ ሊያስነቅለው ዘጠኝ ወር ኤሌክትሪክ ሠራተኛ እየጠበቀ ነበር።

ከመስታወቱ ጀርባ ሰባት ሰው ተቀምጧል። ኮኒ ፒዛውን እያደለች ጥግ ቆመች።

«ወይዘሮ ዳይክሃውስ፣» አለች ጁኒ ወረቀቷን እያነበበች፣ «የምንፈትነው ዕቃውን እንጂ እርስዎን አይደለም። ትክክል ወይም ስሕተት የሚባል መልስ የለም። የሚያስቡትን ሁሉ ጮክ ብለው ይናገሩ።»

«ጮክ ብዬ? ባሌ ቢሰማሽ ከመቃብር ይነሣ ነበር፤ አርባ ዓመት ቀስ በይ ሲለኝ ነው የኖረው» አለች ዊልማ። ከቦርሳዋ ሚንት ከረሜላ አውጥታ አንዱን ለጁኒ ሰጠች፤ በቤተ ክርስቲያን ስብከቱ ሊጀመር ሲል እንደምታደርገው።

ጁኒ መቀበል ይፈቀዳል አይፈቀድም ብላ መስታወቱን አየች። ከረሜላውን ያዘችና ቀጠለች። «እሺ፤ አሁን መታጠቢያ ቤት ውስጥ እንደወደቁ ያስቡ።»

«ማሰብ አያስፈልገኝም፤ አውቀዋለሁ።»

ዊልማ ከዘራዋን ወንበሩ ላይ ደገፈች። የወንበሩን ጫፍ ይዛ በአንድ ጉልበቷ፣ ከዚያ በሌላው፣ ከዚያ በጎኗ ወለሉ ላይ ጋደም አለች። ከመስታወቱ ጀርባ የሰባት ሰው ትንፋሽ ተቆረጠ።

«ምን እያደረገች ነው?» አለ ዴቨን። «ዶሎረስ እንዲህ አታደርግም!»

«እሺ፣ ወደቅሁ» አለች ዊልማ ከወለሉ። «አሁን ምን ላድርግ?»

ጁኒ ወረቀቷ ላይ ይህ ስላልነበረ ገጹን አገላበጠች። «እርዳታ… እርዳታ ለመጥራት ምን ያደርጋሉ?»

ዊልማ ዙሪያዋን አየች። «ነጭ ነው። እዚህ ነጭ ነው፤ እዚያም ነጭ ነው። ጣራው ነጭ ነው። ልጄ፣ ሞቼ ሰማይ ቤት ከገባሁ ንገሪኝ።» ግድግዳውን በዐይኗ ቃኘች። «የሚጎተት ነገር የለም። የሚጫኑት ነገር የለም። እዚያ ላይ ግድግዳው ያበጠ ይመስለኛል፤ ውሃ ገብቶበት ይሆን?»

«ያ ጤዛ ነው» አለ ዴቨን በጨለማው ውስጥ በሹክሹክታ፣ ልጁን የሰደቡበት አባት ይመስል።

ዊልማ ልትነሣ ሞከረች፤ አልቻለችም። እጇ ተንሸራተተ። እንደገና ሞከረች። ከዚህ በኋላ ማስመሰል አልነበረም፤ ኮኒ የእናቷን ትንፋሽ ታውቃለች። ጁኒ ግማሽ ተነሥታ መስታወቱን አየች፤ ሕጉ ትዝ ሲላት መልሳ ተቀመጠች። ከመስታወቱ ጀርባ ማንም አልተንቀሳቀሰም። አንዱ ይጽፋል። አንዱ ፒዛውን እንደ ጎረሰ ማኘክ ረስቷል።

ዊልማ በክርኗ እየተጎተተች መጣች። ዐይኗ ከዚያ ሁሉ ነጭ መካከል አንድ ነገር ይዟል፤ ያንን ጥቁር ምላስ። ደረሰችበት፤ በመዳፏ መታችው።

ቀጭ! አለ። መብራቱ ጠፋ።

ከአንድ ወገን ብቻ የሚያሳይ መስታወት ምሥጢሩ ብርሃኑ ነው። ብርሃን ያለበት ወገን ራሱን ያያል፣ ጨለማ ያለበት ወገን ሌላውን ያያል። አሁን ዊልማ ጨለማ ውስጥ ሆነች፤ ሰባቱ ሰዎች ደግሞ የኮምፒዩተራቸው ብርሃን ፊታቸውን እያበራው፣ አፋቸው ፒዛ ሞልቶ፣ እንደ ሱቅ ዕቃ በመስታወት ውስጥ ተደርድረው ታዩ።

«እንዴ!» አለች ዊልማ። «ሰው አለ እንዴ? ምን ታፈጣላችሁ፤ አንሡኝ እንጂ!»

አሁንም ማንም አልተነሣም። ወይዘሮ ሄተማ ሳህናቸውን ለማስቀመጥ ቦታ ይፈልጋሉ። ዴቨን አንገቱን ደፍቷል፤ ያልታየ መስሎታል።

ኮኒ የፒዛውን ካርቶን ጣለችው። በሩን በርግዳ፣ «እማዬ!» ብላ ጮኸች። በጨለማው ውስጥ ተንበርክካ ብብቷ ሥር ገባች፣ በጁኒ እርዳታም ወንበር ላይ አስቀመጠቻት።

«ተጎዳሽ? ምንሽን ነው የሚያምሽ? ዳሌሽ ነው?»

«ምንም አልሆንኩም። አሁንስ ቶሎ መጣሽ፤ ከየካቲቱ ይሻላል» አለች ዊልማ።

መብራቱ በራ። ዴቨን በሩ ላይ ቆሟል። በዚያ ቢሮ ሰው አይቆጣም፤ ስለዚህ በጣም በለሰለሰ ድምፅ ተናገረ።

«ኮኒ፣ ‹እማዬ› ያልሽ መሰለኝ።»

«አዎ፤ እናቴ ናት።»

«እንግዲያው ይሄ ሙከራ አልተደረገም ማለት ነው» አለ ወደ ወይዘሮ ሄተማ ዞሮ። «አንደኛ የሠራተኛ ዘመድ ናቸው። ሁለተኛ፣ በአክብሮት ነው የምለው፣ እኚህ እናት የዕቃው ተጠቃሚ ዓይነት አይደሉም። እኛ የሠራነው ለዶሎረስ ነው።»

«ዶሎረስ ማናት?» አለች ዊልማ።

ዴቨን በኮሪደሩ ወስዶ ሊያሳያት ደስ አለው፤ ስለ ዶሎረስ መናገር ይወድዳል። ዊልማ ከዘራዋን ይዛ፣ ሁሉም ከኋላዋ ተከትለው፣ ካርቶኑ ፊት ቆሙ። ኮኒ ከሁሉም ኋላ ቀረች። የዘጠኝ ዓመት ነገር አሁን ነው ድንገት ወለል ብሎ የታያት።

ዊልማ ረጅም ጊዜ አየች። «ይህቺ ሴትዮ የእኔን ሹራብ ምን አድርጋ ለበሰችው?»

ሹራቡን በጣቷ ነካችው።

«ይሄ እኮ የቤተ ክርስቲያናችን ሽርሽር ላይ ነው! የባቄላ ሰላጣዬን ይዤ ነበር፤ የት አደረጋችሁት? ቆርጣችሁ ጣላችሁት?» ወደ ጽሑፉ ጎንበስ አለች። «ዮጋ? እኔ? ድመት ደግሞ ሲያስነጥሰኝ ነው የሚያድረው። ጸጥታ ትወዳለች ነው የሚለው? ማነው እንደዚህ ያለ ውሸት የጻፈብኝ?»

ሁሉም ወደ ኮኒ ዞሩ።

«ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ነው» አለች ኮኒ ፊቷ ቀልቶ። «ዴቨን ‹እስከ ዘጠኝ ሰዓት የባልቴት ፎቶ ፈልጊልኝ› አለኝ። ቦርሳዬ ውስጥ የነበረው የእማዬ ፎቶ ነው። ሰጠሁት። ከዚያ ዶሎረስ፣ ዶሎረስ ሲባል… እኔም ራሴ ዶሎረስ ናት ብዬ ለመድኩ መሰለኝ።»

ዴቨን ወደ ካርቶኑ ጠጋ አለ። ዐይኑ የፎቶውንና የዊልማን አንገት አሰባበር ሲያመሳስል ይታይ ነበር።

በዚህ ጊዜ ከወረቀቷ ውጪ ተናግራ የማታውቀው ጁኒ ሚንት ከረሜላዋን ወደ ጉንጯ ገፋ አድርጋ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትጠየቅ ተናገረች።

«ዴቨን… ዶሎረስ ምን ትል ነበር?»

ማንም ወደ ካርቶኑ አልዞረም። ሁሉም ወደ ዊልማ ዞሩ።

«ቀይ አድርጉት» አለች ዊልማ። «የስኒ ማስቀመጫ የሚያህል። ሲጫኑት ቀጭ ይበል፤ መጫኔን ልወቅ። እስከ ወለል የሚደርስ ገመድ ይኑረው። ከመብራቱም አርቁት፤ እኔ ስወድቅ መጋረጃ መክፈት አያምረኝም።»

«ግን ቀይ ሰውን ያስጨንቃል» አለ ዴቨን። ድምፁ የተሸነፈ ሰው ድምፅ ነበር።

«እዚያ ወለል ላይ የምጨነቀው እኔ ነኝ፤ አንተ ምን ቸገረህ?»

ወይዘሮ ሄተማ ከጎን ያለውን ሰሌዳ በጣታቸው ነካ አድርገው፣ «ይሄስ ምንድን ነው የሚለው? መነጽሬም አላነበበልኝም» አሉ።

ዴቨን ጎንበስ አለ። ዐይኑን አጠበበ። ኮኒ አዘነችለት፤ ከዚያ ደግሞ ክፍል ሃያ ሦስት ትዝ አላት።

«ዐይን መጀመሪያ የሚያየው ከዙሪያው የተለየውን ነው ይላል» አለች ሰሌዳውን ሳታይ። «ጎን ለጎን የተቀመጡ፣ መልካቸውም አንድ የሆነ ነገሮች ለሰው ሥራቸውም አንድ ይመስለዋል ይላል። የሚጎተት ነገር ጎትተኝ፣ የሚጫኑት ነገር ተጫነኝ ብሎ በመልኩ ይናገር ይላል። የተነካ ዕቃ ወዲያው መልስ ይስጥ ይላል። ምርጫ ሲበዛ እጅ ይዘገያል ይላል። ከታች ደግሞ በጣም በትንሹ፣ ‹ተጠቃሚው እኔ ነኝ ብለህ አታስብ› ይላል።»

ወይዘሮ ሄተማ ያን ቀን አልፈረሙም። የፈረሙት ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ቀይ ሆኖ ሲመጣ ነው።

ኮኒ አልተባረረችም። ሊያባርሯት ቢፈልጉ ፎቶውን ያለ ፈቃድ ለዘጠኝ ዓመት መስቀላቸው ይነሣ ነበር፤ የቢሮው ጠበቃ ይህን ሲሰማ ነገሩ ይቅር፣ ለሁሉም ብስኩት ይታደል አለ። ዴቨን ደግሞ ሰው ነውና ተጽናና። ስለ ገመድ አንድ ጽሑፍ ጻፈ፤ የሰው ልጅ እጅ ገመድን እንዴት እንደረሳው፣ እሱም እንዴት እንዳስታወሰው። በቺካጎ ተሸለመበት። ሲመለስ በመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ላይ፣ በራሱ ፈቃድ፣ «እጅዎን ከሥሩ ያድርጉ» የሚል ጽሑፍ አስቀረጸ። በነጭ ላይ፣ በግራጫ፣ የምስር ፍሬ በሚያህል ፊደል። ኮኒ ከሥሩ በእጇ ጽፋ የራሷን ለጠፈች።

በሚያዝያ መጥሪያው በስድሳ አራቱም ክፍል ተተከለ። በመጀመሪያው እሑድ ኮኒ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቁጥር ሃያ ሦስት ስትገባ ቀዩን ቁልፍ አየችው፤ ከበሩ ይታያል። መታጠቢያ ቤቱን ከፈተች። ገመዱ እስከ ወለል ይወርዳል፤ ጫፉ ላይ ቀይ ቀለበት አለው። ቀለበቱ ላይ ሁለት እርጥብ ካልሲ ተሰቅሏል።

«እማዬ!»

«ምን አለበት? ማስጫ ነው የሚመስለው» አለች ዊልማ ከአልጋዋ ሆና።

የካልሲው ክብደት ገመዱን ስቦ ደወሉን አስጮኾት ኖሮ በሩ ተከፈተ፤ ሮዛሊን የምትባለው አስታማሚ እያለከለከች ገባች። «ወይዘሮ ዊልማ፣ ካልሲ ነው ወይስ እርስዎ?»

«ካልሲ ነው የኔ ልጅ። አንድ ከረሜላ ውሰጂ።»

«ሦስተኛ ፎቅ ያሉት አቶ ዝዊርስም ኮፍያቸውን ይሰቅሉበታል» አለች ሮዛሊን ለኮኒ፣ ከረሜላውን እየተቀበለች።

ኮኒ ቁጭ አለች። ስድሳ አራት ክፍል፣ ስድሳ አራት ቀለበት፣ መቶ ሃያ ስምንት ካልሲ ታያት። አንድ ቀን ደወሉ ይጮኻል፤ ሮዛሊን «ካልሲ ነው» ብላ ሻይዋን ትጠጣለች፤ ካልሲ ግን አይሆንም። የፈራችው ነገር በቀይ ቀለም ተመልሶ መጣ።

በማግስቱ መዶሻ ይዛ መጣች። ከመታጠቢያው ጎን፣ እጅ ሳይዘረጋ በሚደርስበት ቦታ፣ ትልቅ ጥቁር ማንጠልጠያ መታች። ምንም አልጻፈችበትም። ማንጠልጠያ ስቀልብኝ ብሎ ከገመድ በላይ ይናገራል። የገመዱንም ቀለበት ቆርጣ፣ ሊያዝ እንጂ ሊሰቀልበት የማይመች ድቡልቡል ኳስ አደረገችበት። ሐሙስ ዕለት ይህንኑ ለወይዘሮ ሄተማ ነገረቻቸው፤ ለቀሩት ስድሳ ሦስት ክፍሎችም ታዘዘ።

በሚቀጥለው እሑድ ካልሲው ማንጠልጠያው ላይ ነበር። ገመዱ ባዶውን ቀጥ ብሎ ወርዷል። ዊልማ ጋዜጣዋን እያነበበች ነው። ኮኒ መታጠቢያ ቤት ገባች፣ ወለሉን አየች፣ ገመዱን አየች። ሰዓቷን አየችና ጎተተችው።

ቀጭ አለ። ከኮሪደሩ የእግር ኮቴ ተሰማ። ስድሳ ሴኮንድ፣ ሰባ፣ ሰማንያ።

ሮዛሊን በሩን ከፈተች። «ወይዘሮ ዊልማ! ካልሲ ነው ወይስ እርስዎ?»

«ሁለታችንም አይደለንም» አለች ዊልማ ቀና ሳትል። «ኮኒ ናት።»